የቤት ፖሊሲን ስታወዳድሩ ለቅሶው የት እንደሚቀመጥ ጠይቁ

ተማሪዎቼ የአገሮችን የቤት ፖሊሲ ሲያወዳድሩ «ስንት ቤት ተሠራ?» ከሚለው ይነሳሉ። እኔ የምመክራቸው አንድ ቤተሰብ እንዲመርጡ ነው። እናትየው እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች እንበል። አያት አለች፣ ሁለት ልጆች አሉ። ይህን ቤተሰብ አዲስ አበባ፣ ሲንጋፖርና ቪየና አስገቡትና የየከተማው ሕግ ምን እንደሚያደርገው ተከታተሉ።

መቶኛ ስታዩ መቶው እነማን እንደሆኑ አጣሩ። ሲንጋፖር ውስጥ 80 ከመቶ ገደማ የሚሆነው ነዋሪ መንግሥት በሠራው አፓርታማ ይኖራል። ቆጠራው ግን የዜጎችና የቋሚ ነዋሪዎች ነው። ሕንጻውን የሚገነቡት የባንግላዴሽና የሕንድ ሠራተኞች በአብዛኛው በጋራ ማደሪያ ነው የሚያድሩት። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና ክፉኛ የተዛመተው እዚያ ነበር። አዲስ አበባም ላይ የኮንዶሚኒየም ዕጣ የደረሳቸውን ብቻ አትቁጠሩ። ደባሉስ? ሰርቪስ ቤት ተከራይቶ የኖረው ሰው፣ ሰፈሩ ሲፈርስ የት ገባ?

ሕጉንም እስከ መጨረሻው መስመር አንብቡት። የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም 5 ዓመት ሳይሞላ አይሸጥም። አብዛኛው የሲንጋፖር የመንግሥት አፓርታማም እንደዚሁ 5 ዓመት ይጠበቅበታል። ሠንጠረዥ ውስጥ ሲገቡ መንታ ይመስላሉ። ሲንጋፖር ግን ባለቤቱ እነዚያን ዓመታት ቤቱ ውስጥ መኖር አለበት፤ ሙሉውን ማከራየት አይችልም። አዲስ አበባ የተከለከለው መሸጥ እንጂ ማከራየት አይደለም። ስለዚህ እናትየው የባንኩ ወርሃዊ ክፍያ ሲከብዳት ኮንዶሚኒየሙን ታከራይና ራሷ ርካሽ ቤት ፍለጋ ትወጣለች። እንዲህ ያደረጉ ሰዎች አውቃለሁ፤ ሌላ ምን አማራጭ ነበራቸው? መዝገቡ ላይ ግን ቤት አግኝታለች።

ቪየና ላይ ጥያቄው ይለወጣል። የከተማው ቤት የሚከራይ ነው፤ ገቢ የሚታየውም ሲገባ ነው። በኋላ ኑሮው ቢሻሻል ማንም ውጣ አይለውም። በዚህ የተነሳ ደህና ደመወዝተኛውና የጽዳት ሠራተኛዋ በአንድ ደረጃ ይወጣሉ ይወርዳሉ። እዚህ ጋ አዲስ መጪውን አትርሱት፤ ወረፋው ውስጥ ለመግባት ከተማዋ ውስጥ ተመዝግቦ የኖረበት ጊዜ ይታያል። ገንዘቡ ከየት መጣ ለሚለው ደግሞ እ.ኤ.አ. ወደ 1923 ተመለሱ። ያኔ ቪየና ቅንጡ ቤቶችን አብልጦ የሚነካ የቤት ግብር ጥላ ነበር።

አሁን ለቅሶው። እኔ በጣም የምወደው ጥያቄ ይህ ነው፤ ፖሊሲ ማኅበራዊ ኑሮን ምን እንዳደረገው በደንብ ያሳያል። የሲንጋፖር አፓርታማዎች ብዙዎቹ ምድር ቤታቸው ክፍት ነው። የማላይ ተወላጆች ሠርግ ይደግሱበታል፣ የቻይና ተወላጆች አስከሬን ይጠብቁበታል። ከእ.ኤ.አ. 1989 ወዲህ ደግሞ በየሕንጻው የብሔር ኮታ ስላለ አንዱ የሌላውን ሐዘን ያያል። ኮታው ዋጋም ያስከፍላል፤ ከአናሳው ወገን የሆነ ሻጭ ገዢው ይጠብበታል። ሁለቱንም ጻፉ።

አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞች ላይ ኮሚናል የሚባለው ሕንጻ አለ። በግ የሚታረደው፣ እንጀራ የሚጋገረው እዚያ እንዲሆን ታስቦ ነው የተሠራው። ዕጣው ግን ጎረቤትን በታተነ። ልደታ ተወልዳ ያረጀች አያት ከተማው ዳር ያለው የካ አባዶ ከደረሳት እድሯ ልደታ ይቀራል። ለቀብር ታክሲ ስንት ትከፍላለች? አራተኛ ፎቅስ ማን ይደግፋታል? ይህን ወጪ የቤቱ ዋጋ አጠገብ አስፍሩት።

መረጃ ስትሰበስቡ ኃላፊ ብቻ አታነጋግሩ። ውኃ የሚቀዱትን፣ ደረጃ ላይ የሚጫወቱትን ልጆች እናቶች ጠይቁ። ሦስት ጥያቄ ይበቃል። ከዚህ በፊት የት ነበራችሁ? ልጅ ቢታመም በሌሊት የማንን በር ታንኳኳላችሁ? ከደመወዙ ኪራይ ወይም ባንክ ስንት ይወስዳል? መልሱን በራሳቸው አነጋገር ጻፉት፤ ከነቀኑ።