«ቤት ውስጥ መሣሪያ አለ?» ሲሏችሁ

ልጄን መጀመሪያ ሐኪም ጋ የወሰድኩ ዕለት፣ ነርሷ ኮምፒውተሯን እየነካካች ትጠይቀኝ ጀመር። መኪናችሁ ውስጥ የልጅ ወንበር አለ? አዎ። ቤት ውስጥ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አለ? የለም። የጦር መሣሪያስ? ዝም አልኩ። እኔ ባደግሁበት ሰፈር ይህን የሚጠይቅ ወይ ቀበሌ ነው፣ ወይ ከቀበሌ የባሰ ነው። «ምን ያደርግላችኋል?» አልኳት። ፈገግ ብላ «ሁሉንም ወላጅ ነው የምንጠይቀው» አለችኝ።

አሜሪካ ልጅ ይዛችሁ ከመጣችሁ ይህ ጥያቄ ውሎ አድሮ እናንተም ጋ ይደርሳል። አትደንግጡ፤ ግን ጠያቂው ማን እንደሆነ ለዩ። ሐኪሙ፣ የልጃችሁ ጓደኛ እናትና በር የሚያንኳኳው የመንግሥት ሠራተኛ ለየቅል ናቸው።

ሐኪሙ የሚጠይቀው የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ጠይቁ ስለሚላቸው ነው። ከ2020 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) በዚህ አገር ከ1 እስከ 19 ዓመት ያሉ ልጆችን በመግደል ጥይት የመኪና አደጋን በልጧል። መልሳችሁ የሕክምና መዝገባችሁ ውስጥ ይቀመጣል፤ መዝገቡን ደግሞ ሂፓ የሚሉት የ1996 ሕግ ይጠብቀዋል። ልጅ ተበድሏል ወይም ሰው ሊጎዳ ነው ብሎ ሐኪሙ ከጠረጠረ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያኔ ሪፖርት ያደርጋል። መመለስ ካልፈለጋችሁ «ይህን ብዘለው ይሻለኛል» ማለት ትችላላችሁ።

በዚህ ጉዳይ ነዋሪዎቹ ራሳቸው ፍርድ ቤት ድረስ ሄደዋል። ፍሎሪዳ በ2011 ሐኪሞች ስለ መሣሪያ እንዳይጠይቁ የሚገድብ ሕግ አወጣች። ሐኪሞቹ ከሰሱ። በ2017 አትላንታ ያለው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት የመናገር ነፃነታቸውን ይነካል ብሎ ክልከላውን ሻረው። ሐኪም መሣሪያ ያለውን ታካሚ እንዳያገልል የሚለውን አንቀጽ ግን አልነካውም። ስለዚህ እሱም ይጠይቃል፣ እናንተም ዝም ትላላችሁ፣ ሕክምናው ይቀጥላል።

«ታዲያ መንግሥት ስሜን የት መዝግቦ ይይዘዋል?» ትሉ ይሆናል። የፌዴራሉ መንግሥት የመሣሪያ ባለቤቶችን አገር አቀፍ መዝገብ እንዳያቋቁም የ1986 ሕግ ይከለክለዋል። ስትገዙ የምትሞሉት 4473 የሚባል ቅጽ አለ፤ ሱቁ ጋ ይቀራል። ከመሸጡ በፊት ግን በኤፍቢአይ በኩል ያጣራል። ቅጹ ላይ መዋሸት ከባድ ወንጀል ነው። የመኖሪያ ሁኔታችሁን ይጠይቃል። ዲቪ ደርሷችሁ ግሪን ካርድ ከያዛችሁ በፌዴራል ሕግ መግዛት ትችላላችሁ፤ በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ የመጣ ሰው ግን፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታ በቀር፣ አይፈቀድለትም። የትዳር ጓደኛውን ወይም ልጁን በመደብደብ የተፈረደበትም አይፈቀድለትም። አደንዛዥ ዕፅ ትጠቀማለህ ወይ የሚልም አለ። ጫት እዚህ ቅጠል ብቻ አይደለም። ውስጡ ያለው ካቲኖን በጥብቅ ከተከለከሉት ተርታ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የምትቅሙ እዚህ ጋ ቆም በሉ።

በጣም የሚያሳስበኝ ግን የሹፌሮቻችን ነገር ነው። ቨርጂኒያ የሚኖር ልጅ ሌሊት ስለሚሠራ ሽጉጥ ይገዛል፣ የመያዣ ፈቃድም ያወጣል። ከዚያ ተሳፋሪ ጭኖ ድልድዩን ተሻግሮ ዲሲ ይገባል። የቨርጂኒያ ፈቃድ እዚያ አይሠራም። ሜሪላንድም አይሠራም። ዲሲ ውስጥ ደግሞ መሣሪያ ፖሊስ ጋ መመዝገብ አለበት። ኡበርም ሹፌር መሣሪያ እንዳይዝ ይከለክላል። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ መንገድ ወንጀለኛ ያደርጋችኋል። ዜግነት ላላገኘ ሰው ደግሞ እስራቱ ብቻ አይደለም፤ በመሣሪያ ወንጀል ጥፋተኛ መባል በራሱ ግሪን ካርድ ያለውን ሰው እንኳ ለመባረር ይዳርጋል። እኔን ብትጠይቁኝ ዜጋ እስክትሆኑ ባትገዙ ይሻላል። የገዛችሁ ግን ጠበቃ ሳታናግሩ ከስቴት ስቴት ይዛችሁ አትንቀሳቀሱ።

አንዳንዱ «እኛ ከመሣሪያ ጋር ነው ያደግነው» ይላል። እውነት ነው። ጎጃም ያለው አጎቴ ምንሽሩን ራስጌው ሰቅሎ ነበር የሚተኛው፤ እኛም ሥሩ እየተጫወትን አድገናል። ግን ቤቱ ሰው አይጠፋበትም ነበር። እዚህ አባት ሌሊት ይሠራል፣ እናት ቀን ትሠራለች፣ ልጅ ከትምህርት ቤት መጥቶ ብቻውን ይሆናል። ሕጉም ይህን ያያል። ሜሪላንድና ሚኒሶታ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሊደርስበት በሚችል ቦታ የጎረሰ መሣሪያ የተወን ሰው ይከሳሉ፤ ቴክሳስ ደግሞ እንዲህ የተተወ መሣሪያ ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ እጅ ከገባ ትከሳለች። በ2021 ሚሺጋን ውስጥ የ15 ዓመት ልጅ ትምህርት ቤቱ ውስጥ አራት ተማሪዎችን ገደለ። በ2024 እናትና አባቱ እያንዳንዳቸው ከ10 እስከ 15 ዓመት ተፈርዶባቸዋል። ብዙ ፖሊስ ጣቢያ የመሣሪያ ቁልፍ በነፃ ይሰጣል። ሄዳችሁ መጠየቅ ነው፤ ፓስፖርት አምጡ የሚላችሁ የለም።

የአሻንጉሊት ሽጉጥም ለገና አትግዙ። በ2014 ክሊቭላንድ ውስጥ ታሚር ራይስ የተባለ የ12 ዓመት ልጅ መናፈሻ ውስጥ እውነተኛ የሚመስል መጫወቻ ይዞ ሳለ ፖሊስ ተኩሶ ገድሎታል። ለጥቁር ልጅ ወላጅ ይህን ደግሜ ማስረዳት የለብኝም።

አሁን ወደ በሩ እንምጣ። መምህርና ሐኪም ልጅ ተጎድቷል ብለው ከጠረጠሩ የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው። ልጃችሁ ክፍል ውስጥ «አባዬ አልጋ ሥር ሽጉጥ አለው» ብሎ ቢያወራ ሲፒኤስ የሚባለው የሕፃናት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ሊመጣ ይችላል። ሠራተኛዋ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ አስቸኳይ አደጋ ከሌለ በቀር፣ ሳትፈቅዱላት ቤት መግባት አትችልም። በሩን ፊቷ ላይ ጥርቅም አድርጎ መዝጋት ግን ነገር ያከርራል፤ ዳኛ ጋ ሄዳ ትእዛዝ ልታመጣ ትችላለች። ውጭ ወጥታችሁ በሩን ገርበብ አድርጋችሁ አነጋግሯት። ስሟንና ካርዷን ተቀበሉ። ክሱ ምን እንደሆነ ጠይቁ። ቴክሳስ ከ2023 ጀምሮ ሠራተኞቹ መጀመሪያ ሲመጡ የወላጁን መብት እንዲያሳውቁ በሕግ ታዘዋል። የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው። ልጃችሁን አታስተርጉሙ። ስለ እናት አባቱ የተከሰሰበትን ነገር ልጅ እንዴት ብሎ ይተረጉማል? ያላነበባችሁትን ወረቀት ደግሞ አትፈርሙ።

የቀረችው የጓደኛው እናት ናት። ልጄ ጎረቤት ሊጫወት ሲሄድ እኔም ጠያቂ ሆኛለሁ። መጀመሪያ ላይ ነውር መስሎኝ ነበር፤ የሰው ጓዳ መበርበር መሰለኝ። አሁን ስለ ኦቾሎኒ አለርጂው ስነግራት አብሬ በጽሑፍ እልካለሁ፦ «ቤት ውስጥ መሣሪያ ካለ ተቆልፎበታል?» አንዷ ቶሎ መለሰችልኝ፦ «ካዝና ውስጥ ነው፣ ጥይቱ ለብቻ። የአንተስ?»