የእንስሳትን «ንግግር» ስንተረጉም የምንሳሳትባቸው ነገሮች

እንደ ሰው መቁጠር። በብዛት የሚሠራው ስህተት ይህ ነው፤ አደጋም አለው። ሰሜን ተራሮች ላይ ጭላዳ ቅንድቡን ሽቅብ ስቦ ነጣ ያለ የዓይን ቆቡን ሲያሳይ እያስፈራራ ነው እንጂ አልተገረመም። ጭራውን የሚቆላ ውሻ ሁሉም ወዳጅ አይደለም፦ ጭራው ሽቅብ ቆሞ ጫፉ ብቻ ቶሎ ቶሎ ከተወዛወዘ፣ ሰውነቱም ደርቆ ዓይኑን ከተከለብዎ ቀስ ብለው ይራቁ።

ሳይፈትኑ ማመን። ጦጣ ነብር አይታ ጮኸች፣ ሌሎቹ ዛፍ ላይ ወጡ እንበል። የሸሹት ጩኸቱን ሰምተው ነው ወይስ ነብሩን ራሱን አይተው? ይህ ሳይለይ «ነብር መጣ ማለቷ ነው» አይባልም። ተመራማሪዎቹ ሮበርት ሴይፋርዝ፣ ዶሮቲ ቼኒና ፒተር ማርለር ኬንያ፣ አምቦሴሊ ውስጥ በጦጣዎች ላይ ሠርተው በ1980 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት መንገዱን ያሳያል። የጦጣዎቹን ጩኸቶች ቀረጹ፤ አውሬ በሌለበት ሰዓት ድምፅ ማጉያ ደብቀው አሰሟቸው። ለነብር የሚጮኸውን ሲሰሙ ወደ ዛፍ ሮጡ፤ ለንስር የሚጮኸውን ሲሰሙ አንጋጠጡ ወይም ቁጥቋጦ ውስጥ ገቡ፤ በእባቡ ጊዜ መሬት መሬቱን አዩ። ጩኸቱ ሲያጥርና ሲቀንስም መልሳቸው ብዙም አልተለወጠም፤ ስለዚህ ጉዳዩ የፍርሃት መጠን ብቻ አይደለም። ይህን መሞከር የሚፈልግ አንድ ቅጂ ደጋግሞ አያጫውት፤ እንስሶቹ ይለምዱትና ችላ ይሉታል። ከተለያዩ እንስሶች የተቀዱ በርካታ ድምፆች ያስፈልጋሉ፤ ድምፁ ከመሰማቱ በፊት ያደርጉት የነበረውም በቪዲዮ ይያዝ።

መልሱን የሚያውቅ ሰው ፊት ለፊት ማቆም። በርሊን ውስጥ ሃንስ የተባለው ፈረስ የሂሳብ ጥያቄ በኮቴው እየመታ ይመልስ ነበር። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኦስካር ፕፉንግስት ሲፈትነው ግን ጠያቂው መልሱን ካላወቀ ፈረሱም አላወቀም፤ የሚከተለው የጠያቂውን ጥቃቅን የጭንቅላት እንቅስቃሴ ነበር።

በጆሮ ብቻ መወሰን። ዝሆኖች ከ20 ኸርዝ (በሰከንድ 20 ንዝረት) በታች በሆነ፣ እኛ በማንሰማው ድምፅ ይጠራራሉ። አብዛኛው የሌሊት ወፍ ድምፅ ደግሞ ከ20,000 ኸርዝ በላይ ስለሆነ በስልክ መቅዳት ከንቱ ድካም ነው፤ ለዚሁ የተሠራ መቅረጫ ያስፈልጋል። ንብ ጭራሽ በጭፈራ ትናገራለች፦ በቆመው ሰፈፍ ላይ ሰውነቷን እያወዛወዘች የምትሄድበት አቅጣጫ አበባው ከፀሐይ አንጻር በየት በኩል እንዳለ፣ የቆይታዋ ርዝመት ደግሞ ርቀቱን ይናገራል፤ አንድ ሰከንድ ወደ 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ድምፅ መለየትን ከትርጉም ማምታታት። ኮምፒውተር የዓሣ ነባሪዎችን ድምፅ በዓይነት በዓይነቱ ሊመድብ ይችላል። ማን፣ መቼ፣ ለማን እንዳሰማውና የሰማው ምን እንዳደረገ አብሮ ካልተመዘገበ ግን በእጃችን ያለው የድምፅ ዝርዝር እንጂ መዝገበ ቃላት አይደለም።