“ተመስገን” እያሉ መጠይቅ ለሚሞሉ ወላጆች

ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ አንዲት እናት አስቆመችኝ። ልጇ የሚማርበት ትምህርት ቤት አዲስ የልዩ ፍላጎት ድጋፍ አሠራር ከሚሞከርባቸው አንዱ ሆኖ ተመርጧል፤ እሷም የወላጆች ተወካይ ሆናለች። “ስብሰባው ሰኞ ነው፤ ምን ልበላቸው?” አለችኝ። ዘንቢሌን መሬት አስቀምጬ፣ ባጃጆች ጥሩምባ እየነፉብን፣ የመጣልኝን ነገርኋት። ቤት ገብቼ ሽንኩርት ስልጥ ግን ዋና ዋናው መቅረቱ ታወቀኝ።

የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት የ14 ዓመት ልጅ እናት ነኝ። እዚሁ ባሕር ዳር ውስጥ ሁለት ጊዜ እንዲህ ባለ ሙከራ ላይ የወላጆች ተወካይ ሆኜ ተቀምጫለሁ። አሠራሩ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። አንድ ትምህርት ቤት የድጋፍ መስጫ ማዕከል ይሆንና መሣሪያው እዚያ ይከማቻል። ተዘዋዋሪ መምህር በአቅራቢያው ያሉትን ትምህርት ቤቶች እየዞረ ይደግፋል። ለእያንዳንዱ ልጅም ለብቻው የትምህርት ዕቅድ ይወጣለታል። ወላጅ የሚጠራው ይህ ሁሉ እንዴት እየሄደ እንደሆነ እንዲናገር ነው። ታዲያ እኛ ምን እንናገራለን?

“ተመስገን!”

አንጀቴን የሚያቃጥለው ስህተት ይህ ነው። በመጀመሪያው ሙከራ መጠይቅ የያዘ አንድ ወጣት መጥቶ እያንዳንዳችንን ጠየቀን። አጠገቤ የተቀመጠችውን እናት “ተዘዋዋሪ መምህሩ እንዴት ነው? ይመጣል?” አላት። “ኧረ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ይመጣል። እንዴት ያለ ደግ ሰው መሰለህ!” አለችው። ወጣቱም “በጣም ጥሩ” የሚለው ላይ ምልክት አደረገ። መምህሩ በሳምንት ሁለት ቀን መምጣት ሲገባው በዚያ ወር የመጣው አንድ ቀን ብቻ ነበር። ሰውየው እውነትም ደግ ነው። የትራንስፖርት ገንዘብ ስላልተመደበለት ዓባይን ተሻግሮ እኛ ዘንድ ለመድረስ ለባጃጅ የሚከፍለው ከኪሱ ነበር፤ የወር ደመወዙ ሲያልቅ መንገዱም ያልቅበታል። ያቺ እናት ስሙን ላለማጥፋት ብላ ሸፈነችለት። አንድ ሰው እንኳ “የመጣው አንድ ቀን ነው” ቢል ኖሮ ለምን ተብሎ ይጠየቅ ነበር፤ ሲጠየቅ የባጃጁ ነገር ይወጣ ነበር። የወጣው ግን “ወላጆች በአገልግሎቱ ረክተዋል” የሚል ሪፖርት ነው። በተከታዩ ዓመትም ለመጓጓዣ ምንም አልተመደበም። በይሉኝታችን የጎዳነው ልንጠብቀው የፈለግነውን ሰው ነው።

ሙከራ ማለት እኮ እንግዳ ሳይመጣ ወጥ እንደ መቅመስ ነው። ቀማሹ ጨው ማነሱን እያወቀ “ይጣፍጣል” ካለ ድስቱ እንዳለ ይወጣል። ደግሞስ ማንን ነው እንዲህ የምናመሰግነው? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን የመርዳት ግዴታ በመንግሥት ላይ ጥሏል። ኢትዮጵያ በፈረንጆች 2010 ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም አካል ጉዳተኞችን የሚመለከት ሕግና ፖሊሲ ሲወጣ እነርሱን ማማከር ግድ ነው ይላል፤ ሕፃናቱንም ጭምር። ፈጣሪን በየቀኑ አመስግኑ፤ መጠይቁ ላይ ግን ቀኑንና ቁጥሩን ጻፉ። “ኅዳር ላይ አንድ ቀን መጣ፤ ታኅሣሥ ላይ ሦስት ቀን መጣ” ማለት ሐሜት አይደለም።

ለዚህ ደግሞ ደብተር ያስፈልጋል። የልጅ ደብተር ከኋላ በኩል ቢሆንም ይበቃል። በቃሌ እይዘዋለሁ የምትሉ፣ አትይዙትም።

ሁለተኛውን ስህተት የሠራሁት እኔው ነኝ። ሙከራውን የሚያዩ ጎብኚዎች ይመጣሉ ሲባል ልጅን አጥቦ፣ የዓመት በዓል ልብስ አልብሶ፣ “ዛሬ እንዳታስቸግር” ብሎ መላክ የተለመደ ነው። የእኔ ከዚያም ይብሳል። ልጄ እንግዳ ሰው ሲበዛበት ጆሮውን ይዞ ይጮኻል። ጎብኚዎች በሚመጡበት ቀን ጠዋት ጫማውን ካደረግሁለት በኋላ መልሼ አወለቅሁት። “ዛሬ ትንሽ አሞታል” ብዬ ላክሁ። አላመመውም፤ አፍሬ ነው። ጎብኚዎቹም ጸጥ ያለ ክፍል አይተው፣ አንዲት መምህርት ያለ ረዳት ሁሉንም ልጆች መያዝ እንደምትችል ጽፈው ሄዱ። ለረዳት ስንከራከር ያንን ወረቀት አምጥተው ያሳዩን ጊዜ አንገቴን ደፋሁ። መምህርቷ ግን ለማንም አልተናገረችም። እስከ ዛሬ ባገኘኋት ቁጥር እጇን በሁለት እጄ ነው የምጨብጠው።

ልጆቻችሁን እንዳሉ ላኳቸው። የሚጮኸው ይጩኽ።

ከዚህ ቀጥሎ የራስን ልጅ ጉዳይ ብቻ ይዞ መሄድ አለ። ይህንንም ሠርቼዋለሁ፤ ግን ብቻዬን አልነበርሁም። ልጄ በር ካገኘ ሮጦ ስለሚወጣ ዋናው በር ቀኑን ሙሉ እንዲዘጋ ጠየቅሁ፤ ተዘጋልኝም። በተሽከርካሪ ወንበር የምትሄድ አንዲት ተማሪ የምትገባው ግን በዚያው በር ነበር፤ የኋላው በር ደረጃ አለው። ጥበቃው ሻይ ሊጠጣ በሄደ ቁጥር ልጅቷ ውጭ ፀሐይ ላይ ትጠብቅ ነበር። አባቷ ለብዙ ሳምንታት ምንም አላሉም፤ የወላጆች ተወካይ የጠየቀችው ስለሆነ የሁላችን ሐሳብ መስሏቸው ነው። የኋላ ኋላ ስንነጋገር መፍትሔው በአንድ ቀን ተገኘ፤ የሕፃን እጅ የማይደርስበት ከፍ ያለ መቀርቀሪያ ተገጠመ። ከስብሰባ በፊት የዓይነ ስውሩን ልጅ እናት፣ መስማት የተሳናትን ልጅ አባት አግኝታችሁ ጠይቁ። እኔ ስለ ብሬይልም ሆነ ስለ ምልክት ቋንቋ አላውቅም፤ እነርሱ ያውቃሉ።

“ስብሰባ ነው፤ አባቱ ይሂድ” የሚባለውም ይቅር። አባትየው ልጁን የሚያበላ፣ የሚያለብስና የሚያስተኛ ከሆነ ይሂድ፤ እንዲያውም እሰየው። ካልሆነ በየጥያቄው ስልክ እየደወለ ነው የሚውለው።

ስለ ጠበል ልናገር፤ ሰው ይቀየመኝ ይሆናል። ብዙዎቻችን ሱባኤ ገብተን፣ ወይም በጀልባ ጣናን ተሻግረን ገዳም ሄደን ልጃችንን እናስጠምቃለን። እኔም አስጠምቄአለሁ፤ ማንም እንዲተው አልመክርም። ስህተቱ ሳይናገሩ መሄዱ ላይ ነው። ልጁ ለሁለት ሳምንት ሲጠፋ መዝገቡ ላይ “አቋረጠ” ተብሎ ይጻፋል። እንዲህ የተጻፈባቸው ልጆች ሲበዙ ደግሞ “ወላጆች አገልግሎቱን አልፈለጉትም” ይባላል። “ጠበል ወስጄዋለሁ፤ በዚህ ቀን እንመለሳለን” በሉ። ማንም አይስቅባችሁም። ቢስቅም ይሳቅ።

ብሶትን ለመጨረሻው ስብሰባ ማጠራቀምስ? አንድ ሥልጠና ላይ የእንግሊዝን ነገር ነግረውን ነበር። እዚያ የልዩ ፍላጎት ድጋፍ ማሻሻያ በፈረንጆች 2011 በ31 የአካባቢ አስተዳደሮች መሞከር ጀመረ፤ ወላጆችም ገቡበት። ሕጉ ለፓርላማ የቀረበው ግን 2013 መጀመሪያ ላይ፣ ሙከራው ገና ሳያልቅ ነው። 2014 ላይ ጸድቆ በዚያው ዓመት በፈረንጆች ሴፕቴምበር ሥራ ላይ ዋለ፤ ከልደት እስከ 25 ዓመት የሚዘልቅ አንድ ዕቅድም ይዞ መጣ። የሙከራው የመጨረሻ ግምገማ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ከዚህ የያዝሁት አንድ ነገር ነው፤ ወሳኞቹ የመጨረሻውን ስብሰባ አይጠብቁም። እኛ ግን ንግግራችንን ለመዝጊያው ቀን፣ ዳቦ ለሚቆረስበት ቀን እናቆያለን።

የመጨረሻው ስህተት “ሙከራው ሲያልቅስ?” ብሎ አለመጠየቅ ነው። የመንግሥት በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል። የቀጣዩ ዓመት ዕቅድና ጥያቄ ግን የሚዘጋጀው ከዚያ ወራት ቀድሞ ስለሆነ፣ ሰኔ ላይ ጮኾ የሚያገኘው የለም። የረዳቷ ደመወዝ ከየት እንደሚመጣ፣ መሣሪያው በማን ስም እንደተመዘገበ፣ ሲበላሽ ማን እንደሚጠግነው፣ እስከ ጥር ድረስ ጠይቃችሁ መልሱን ቃለ ጉባኤ ላይ አስጽፉ። ኮፒውንም ውሰዱ።

በሁለተኛው ሙከራ ለረዳትነት የተቀጠረችው ልጅ የእኔን ልጅ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ትቀበለው ነበር። እጁን ስትዘረጋለት ዘሎ ይይዛታል፤ ያለ ለቅሶ የገባው በዚያ ዓመት ብቻ ነው። ሰኔ ላይ ውሏ አለቀ። እኛ ወላጆቹ ይቀጥላል ብለን አስበን ነበር እንጂ አንዳችንም አልጠየቅንም። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ልጄ በሩ ጋ ቆሞ አልገባም አለ። ጥበቃው እጁን ቢዘረጋለት አልያዘም፤ እኔ ብዘረጋለትም አልያዘም። ደወሉ ተደውሎ ሰልፉ እስኪበተን መንገዱን እያየ ቆመ።