የባህር ኤሊ ለማየት ኦማን የምትሄዱ

ኦማን፣ ራስ አል ጂንዝ ሄዳችሁ አረንጓዴ የባህር ኤሊዎች እንቁላል ሲጥሉ ማየት ካሰባችሁ የሌሊቱን ጉብኝት ቀድማችሁ አስይዙ፤ ማታ ያለ አስጎብኚ ባህር ዳርቻው አይገባም። ስልካችሁን ደግሞ ከኪስ አታውጡት፣ በእናታችሁ! ገና ከውሃው እየወጣች ያለች ኤሊ ብርሃን ወይም የሰው እንቅስቃሴ ካየች ሳትጥል ልትመለስ ትችላለች። ጉድጓዷን ቆፍራ መጣል እስክትጀምር ራቅ ብላችሁ ጠብቁ፤ ከዚያ አስጎብኚው ሲጠራችሁ ቀስ ብላችሁ ከኋላዋ ቀረብ በሉ፣ በፊቷ በኩል ግን በፍጹም። የፒንግ ፖንግ ኳስ የሚያካክሉ ነጫጭ እንቁላሎች ሁለት ሦስት እየሆኑ ሲወርዱ ታያላችሁ፤ በአንድ ጊዜ 100 ገደማ ትጥላለች። ኤሊ ዓመቱን ሙሉ ይወጣል፣ ብዙ የሚታየው ግን በክረምት፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው። ጠቆር ያለ ልብስ ልበሱ።