ፈረንሳይ ገጠር አርፋችሁ ከተሞችንና የወይን እርሻዎችን ስትጎበኙ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

አውሮፓ ያላችሁ፣ ከቤተሰብ ጋር የገጠር ቤት ተከራይታችሁ ሳምንት ማረፍ ካሰባችሁ ደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ዶርዶኝ ወንዝ ዳር ያለችውን የቤርዤራክን አካባቢ በጣም እመክራለሁ። ወይኑም ጥንታዊ ከተሞቹም ቅርብ ናቸው። ግን አገሩ የራሱ ሰዓት አለው፤ እሱን ሳያውቁ የሚሄዱ ሰዎች ግማሹን ሳያዩ ይመለሳሉ።

ትልቁ ስህተት ሁሉንም በአንድ ቀን ልይ ማለት ነው። የወይን ከተማዋ ሳን-ኤሚሊዮን በምዕራብ፣ ጥንታዊቷ ከተማ ሳርላ በምሥራቅ ናቸው፤ ከቤርዤራክ ወደ እያንዳንዳቸው አንድ ሰዓት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይነዳል። መንገዱ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው፣ በመኸር ደግሞ ከትራክተር ኋላ ትሰለፋላችሁ። በቀን አንድ ከተማና አንድ የወይን እርሻ ይበቃል።

ሁለተኛው፣ የገበያ ቀን ሳያጣሩ መሄድ። ከአካባቢው ትናንሽ ከተሞች ኢሲዣክ እሑድ ጠዋት፣ ኤሜ እና ሞንፓዚዬ ሐሙስ፣ ሳርላ ረቡዕና ቅዳሜ ይገበያሉ። በእኛ አቆጣጠር ሰባት ሰዓት ሲሆን ድንኳኑ ይነሳል፣ ስለዚህ በጠዋት ውጡ። ሞንፓዚዬን በተለይ አትለፏት። በ1284 የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ ቀዳማዊ የቆረቆራት ከተማ ናት፤ መንገዶቿ ቀጥ ያሉ፣ አደባባይዋ ዙሪያውን በቅስት የተከበበ። አደባባዩ ላይ ያለው የእንጨት ገበያ አዳራሽ ውስጥ ግቡ። እንደኛ ቁና ድሮ እህል ይሰፈርባቸው የነበሩ መስፈሪያዎች እስከ ዛሬ እዚያው አሉ። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ አሳዩአቸው፣ ደስ ይላቸዋል።

ምሳ ማዘግየትም አያዋጣም። ብዙ ምግብ ቤቶች ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ብቻ ያበስላሉ፣ ከዚያ በኋላ ደጅ መጥናት ነው። ሰኞ ደግሞ ብዙ ሱቅ ዝግ ነው።

ወደ ወይኑ ስንመጣ፣ ሳይደውሉ ሰተት ብሎ መግባት ጥሩ አይደለም። «ቻቶ» የሚል ታፔላ ስላያችሁ ቤተ መንግሥት እንዳይመስላችሁ፤ ብዙ ጊዜ ገበሬው የሚኖርበት ቤትና ጎተራው ነው፣ ሰውየውም ማሳ ላይ ሊሆን ይችላል። ከአንድ ቀን በፊት ደውላችሁ ቀጠሮ ያዙ።

የቀመሱትን ሁሉ መዋጥ ሌላው ስህተት ነው። መትፊያ ዕቃ የሚቀመጠው ለዚያ ነው፣ ማንም አይቀየማችሁም። የሚነዳው ሰው ደግሞ ይጠንቀቅ፤ የፈረንሳይ ሕግ በአንድ ሊትር ደም ከ0.5 ግራም በታች ነው የሚፈቅደው፣ ለአዲስ መንጃ ፈቃድ 0.2።

አሁን በጣም የሚያሳዝነኝን ልንገራችሁ፦ ቀይ ወይን ብቻ ፈልጎ ሞንባዚያክ የሚባለውን ጣፋጭ ነጭ ወይን መዝለል! ቀዩ ውስጥ በብዛት ያለው ሜርሎ የሚባለው የወይን ዝርያ እኮ ዝዋይም ይበቅላል። ሞንባዚያክን ግን የትም አታገኙትም። ከቤርዤራክ በስተደቡብ ያለው ኮረብታ ላይ በመጸው ጠዋት ጭጋግ ይተኛል፣ ከሰዓት ፀሐይ ይወጣል፤ በዚህ መሃል ቦትሪቲስ የሚባል ሻጋታ ፍሬው ላይ ይወጣና ልጣጩን ይበሳል፣ ውኃው ይተናል፣ ስኳሩ ይቀራል። ዘለላውን ጠጋ ብላችሁ ስታዩት የተጨማደደ፣ ግራጫ አቧራ የለበሰ ነገር ነው፤ ተበላሽቷል ብላችሁ ፊታችሁን እንዳታዞሩ። ሁሉም ፍሬ እኩል ስለማይደርስ ለቃሚዎቹ የደረሰውን ብቻ በእጅ እየመረጡ ወደዚያው ማሳ ደጋግመው ይመለሳሉ። የዚያን ድካም ውጤት ቀዝቀዝ አድርጋችሁ ቅመሱት፣ ማር ማር ይላል።

መጨረሻ፣ ለጿሚዎች። እዚህ አገር ድንች አዝዤ ጾሜን እጠብቃለሁ ማለት አይሠራም። ታዋቂው የሳርላ ድንች የሚጠበሰው በዳክዬ ስብ ነው፣ ሰላጣ ላይም የዳክዬ ሥጋ ጣል ያደርጋሉ። ከማዘዛችሁ በፊት በምን እንደተጠበሰ ጠይቁ። ካልሆነ ከገበያ ቲማቲም፣ ዳቦና የአካባቢውን የዋልነት ዘይት ገዝታችሁ ቤት ሥሩ።