የሐዋሳን ዓሣ ቤት ስንጠብስ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ሐዋሳ ሄዶ ዓሣ ሳይበላ የሚመለስ ሰው ብዙም አላውቅም። ጠዋት በጊዜ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ትወርዳላችሁ። ጀልባዎቹ መረባቸውን ይዘው ይደርሳሉ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ዳር ዳሩን ቆመው የሚጣለውን አንጀት ይጠብቃሉ። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ቅርፊቱ ተፍቆ፣ ታጥቦ፣ ጎኑ ተሰንጥቆ ትኩስ ዘይት ውስጥ ይገባል። ከዳቦ፣ ከዳጣና ከሎሚ ጋር ሲቀርብ ጣት ያስቆረጥማል።

ከዚያ ቤታችን ገብተን እንሞክረዋለን። ዓሣው ይሸታል። መጥበሻው ላይ ይጣበቃል። ስንገለብጠው ይፈረካከሳል። እኔ ሦስቱም ደርሰውብኛል። መጀመሪያ የጎደለኝ ቅመም መሰለኝና በየጊዜው አዲስ ነገር እጨምር ነበር። ችግሩ ግን ቅመሙ ጋ አልነበረም።

ሳይጠይቁ መመለስ

ፎቶ እናነሳለን፣ እንበላለን፣ ሂሳብ ከፍለን እንሄዳለን። የጠበሰችውን ሴት ግን አንድ ነገር አንጠይቃትም። እኔም በሦስተኛው ጉዞዬ ነው ድፍረት ያገኘሁት። «እትዬ፣ ምን ቅመም ነው የሚያደርጉበት?» አልኳቸው። «ምንም የለውም ልጄ፣ ጨው ብቻ ነው። ውሃውን ግን በደንብ አንጠፍጥፊው» አሉኝ። ከዚህ በታች ከምጽፈው አብዛኛው የወጣው ከዚያች አጭር መልስ ነው። የትም ሄዳችሁ የጣማችሁን ምግብ የሠራውን ሰው ጠይቁ። ሥራው ሲበርድለት ጠብቁና ጠይቁት። ደስ ብሎት ነው የሚነግራችሁ።

ዓሣውን ያለ በረዶ ጭኖ መምጣት

ከሐዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባቱ ስትደርሱ ደግሞ መንገድ ዳር ዓሣ የሚሸጡ ልጆች ያጋጥሟችኋል፤ አለመግዛት ይከብዳል። ግን ፌስታል ውስጥ ተጠቅልሎ፣ በዚያ ሙቀት መኪናው ኋላ ሰዓታት የቆየ ዓሣ ቤት ሲደርስ ሌላ ዓሣ ሆኗል። ሽታውን ሎሚም ነጭ ሽንኩርትም አያድነውም።

መግዛታችሁ ካልቀረ ሆድ ዕቃው እዚያው ይውጣ። ከሁሉ ቀድሞ የሚበላሸው እሱ ነው። ከዚያ በበረዶ መካከል አድርጋችሁ አምጡት። በረዶ ከሌላችሁ ተዉት፣ አዲስ አበባ ግዙ። ስትገዙ ዓይኑን እዩ፤ ጥርት ያለና ወጣ ያለ መሆን አለበት። ጉንጩን ገለጥ አድርጋችሁ ስንጥቡን፣ ማለትም መተንፈሻውን እዩ፤ ቀይ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ቡናማ ከሆነ እለፉት። ሥጋውን በጣት ስትጫኑት ጎድጉዶ ከቀረም አትግዙት።

ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ቆሮሶ ማለት ያው ቲላፒያ ነው። የእስያና የላቲን ሰዎች ሱቅ ከነጭንቅላቱ፣ ተጠርጎ ይሸጣል። ለዚህ ጥብስ ከፊሌቶው ይልቅ እሱን ውሰዱ። በረዶ የሆነውን ፍሪጅ ውስጥ አሳድራችሁ አቅልጡት። ሙቅ ውሃ ውስጥ አትክተቱት።

እርጥብ ዓሣ ዘይት ውስጥ መክተት

ብዙዎቻችን የምንወድቀው እዚህ ላይ ነው። ዓሣ ንጹሕ እንዲሆን ደጋግመን እናጥባለን፣ ጥሩ ነው። ከዚያ ግን ውሃው እየተንጠባጠበ መጥበሻ ውስጥ እንጨምረዋለን። ያ ውሃ መጀመሪያ ተንኖ ማለቅ አለበት። እሱ እስኪያልቅ ዓሣው ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ቆዳው ይለሰልሳል፣ ብረቱ ላይ ይጣበቃል፣ ዘይቱም እየተፈናጠረ እጅ ያቃጥላል።

እኔ አሁን እንዲህ ነው የማደርገው። አጥቤ ስጨርስ ወንፊት ላይ አስቀምጬ ውሃው እስኪንጠፈጠፍ እጠብቃለሁ። ከዚያ ጎኑን በሰላ ቢላዋ፣ ከጀርባው ወደ ሆዱ፣ ጣት በሚያህል ርቀት አጥንቱ ድረስ ሰንጠቅ ሰንጠቅ አደርገዋለሁ። በሁለቱም ጎን። ሐዋሳ ያ የዓሣ ጎን እንደ ማበጠሪያ ተከፋፍሎ የሚመጣው ለውበት ብቻ አይደለም። ዘይቱ ውስጡ ይገባል፣ ወፍራሙ ቦታ ከጅራቱ ጋር እኩል ይበስላል፣ ስትበሉም በጣት ቆረስ ቆረስ ይላል። ከሰነጠቅሁት በኋላ ጨው ነስንሼ ሩብ ሰዓት እተወዋለሁ። ጨው ውሃ ያወጣል፤ ስለዚህ በንጹሕ ጨርቅ ወይም በሶፍት ስንጥቁ ውስጥ ሳይቀር ደግሜ አደርቀዋለሁ። በዚያች ሩብ ሰዓት ሰላጣ መሥራት ይቻላል። ዱቄት የግድ አይደለም። የምትፈልጉ ከሆነ ግን ዓሣውን ካደረቃችሁ በኋላ ስስ አድርጋችሁ ነስንሱበትና ትርፉን አራግፉት።

ቀዝቃዛ ዘይት፣ የተጨናነቀ መጥበሻ

ዘይት ተወዷል፣ አውቃለሁ። ግን በሁለት ማንኪያ ዘይት ሙሉ ዓሣ አይጠበስም። ቢያንስ የዓሣውን ግማሽ መሸፈን አለበት። ጠባብ መጥበሻ ብትጠቀሙ ብዙ ዘይት አይፈጅም። መጋሉን ለማወቅ የእንጨት ማንኪያ ጫፍ ንከሩበት። ዙሪያውን ቶሎ ቶሎ ካረፋ ደርሷል። ካጨሰ ደግሞ አልፎበታል፣ እሳቱን ቀንሱ።

አንድ አንድ እያደረጋችሁ ጥበሱ። ሦስት ዓሣ አንድ ላይ ከገባ ዘይቱ ይቀዘቅዝና ዓሣው ዘይት ይጠጣል። ከገባ በኋላም አትነካኩት። ለመካከለኛ ዓሣ በአንድ ጎን አራት አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። ቆዳው ሲደርቅ በራሱ ይለቃል፤ ያኔ አንዴ ብቻ ገልብጡት።

በርበሬና ሎሚ ቀድሞ መጨመር

በርበሬ የጋለ ዘይት ውስጥ ወዲያው ያርራል፣ ይመርራል። ዘይቱንም ያበላሸዋል። ሎሚ ደግሞ ዓሣን ከነካው ቆይቶ ሥጋውን ያነጣዋል፣ ያላሽቀዋል። ከማጠቢያው ውሃ ጋር ትንሽ ሎሚ ብታደርጉ ችግር የለም። አንድ ሰዓት ዘፍዝፎ ማስቀመጥ ግን ስህተት ነው። ሁለቱም ቦታቸው ማዕድ ላይ ነው።

ዳጣን በሚጥሚጣ መተካት

ሚጥሚጣን በዘይት በጥብጦ «ዳጣ ነው» ማለት ለኔ አይሆንም። ዳጣ እርጥብ ነው፣ ትኩስ ሽታ አለው። ወላይታ፣ አርባ ምንጭ፣ ሐዋሳ ብትሄዱ ሁሉም ቤት የየራሱ አሠራር አለው። ለቤት ግን ይህ ይበቃል፤ አሥር ያህል የሚያቃጥል ቃሪያ፣ አራት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ የአውራ ጣት ጫፍ የምታክል ዝንጅብል፣ እፍኝ የማይሞላ እርጥብ በሶብላ፣ ትንሽ ድምብላልና ጨው። ሙቀጫ ካላችሁ ውቀጡት። በመፍጫም ይሆናል፣ ግን ውሃ አትጨምሩበት፤ ሻካራ እንደሆነ ይቅር። ቀይ ዳጣ ከፈለጋችሁ የቀላ ቃሪያ ተጠቀሙ። ጠርሙስ ውስጥ ከድናችሁ ፍሪጅ ብታስገቡት በማግስቱ ይበልጥ ይጣፍጣል።

ጥሬውን ቤት መሞከር

ሐይቁ ዳር ጥሬ ዓሣ በዳጣ የሚበሉ ሰዎች አይታችኋል። እባካችሁ ቤት አትሞክሩት። የሐይቅ ዓሣ ውስጥ ሰው ላይ የሚተላለፉ ጥገኛ ትላትሎች ሊኖሩ ይችላሉ። ሎሚም ሆነ ዳጣ አይገድላቸውም። ለልጆችና ለነፍሰ ጡር ሴት በተለይ በደንብ ይብሰል።

ጭንቅላቱንና አጥንቱን መጣል

ፊሌቶ ስታወጡ የሚቀረው ጭንቅላትና አጥንት ቆሻሻ ውስጥ ሲገባ አንጀቴን ይበላኛል። ዓሣ በሚሸጥበት ቦታ ሾርባው ከምን የሚሠራ ይመስላችኋል? ስንጥቡን አውጡና ጣሉት፣ ሾርባውን መራራ የሚያደርገው እሱ ነው። ጭንቅላቱንና አጥንቱን በደንብ አጥባችሁ ከቀይ ሽንኩርት፣ ከካሮት፣ ከዝንጅብልና ከነጭ ሽንኩርት ጋር በቀዝቃዛ ውሃ ጣዱት። ሲፈላ አረፋውን ግፈፉ፣ እሳቱን ቀንሱ። ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። እንደ በሬ አጥንት ግማሽ ቀን አይንተከተክም። አጥልሉትና በብርጭቆ ቅዱት፣ አንድ ቃሪያ ከትፋችሁ ጣል አድርጉበት፣ ሎሚ ጠብ አድርጉበት። እኔ ዓሣው እየተጠበሰ ይህን ነው ቆሜ የምጠጣው።