“ነገ ና” እና ሌሎችም፦ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዩኒቨርሲቲ ሲነሳ የሚወራው ስለ ትምህርት ጥራትና ስለ መውጫ ፈተና ነው። ተማሪው ግን ዩኒቨርሲቲውን በዋናነት የሚያውቀው በሰዎቹ ነው፤ በሬጅስትራር መስኮት ውስጥ በተቀመጠችው ሠራተኛ፣ በዶርሙ ፕሮክተር (ተቆጣጣሪ)፣ ግሬድ በሚሞላው መምህር። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ጉቦ ወይም ምዝበራ አይደሉም። የተማሪ ጊዜ ምንም ዋጋ የለውም ከሚል አስተሳሰብ የሚመጡ ናቸው። ደግሞም ብዙዎቹን ለማረም በጀት አያስፈልግም።

ምን እንደጎደለ ሳይነግሩ “ነገ ና” ማለት

ቀጠሮ መስጠት በራሱ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ሰውን በባዶ እጁ መመለስ ነው። ብዙ ተማሪዎቻችን የሚመደቡት ከቤታቸው ርቀው ነው። የጂንካ ልጅ ጎንደር፣ የደሴ ልጅ ጅግጅጋ ይማራል። ተመርቆ ሥራ ከያዘ በኋላ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት (የውጤት ማስረጃ) ለማስላክ ሲመለስ ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ለምኖ፣ አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ አልጋ ይዞ ነው። ሰኞ ጠዋት መስኮቱ ጋ ሲደርስ “ፋይልህ አልተገኘም፣ ነገ ና” ይባላል። ማክሰኞ ፋይሉ ይገኝና “የኮስት ሼሪንግ ማስረጃ አላመጣህም” ይባላል። ረቡዕ ማስረጃውን ይዞ ሲመጣ ደግሞ ፈራሚው ስብሰባ ገብተዋል። ቢያንስ ማስረጃ እንደሚያስፈልገው ሰኞ ጠዋት ሊነገረው ይችል ነበር።

ኮስት ሼሪንግ፣ ማለትም ተማሪው የትምህርቱን ወጪ በከፊል የሚሸፍንበት ወጪ መጋራት፣ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ አሠራር ነው። ምን ምን ማስረጃ እንደሚጠየቅ ሬጅስትራሩ በቃሉ ያውቀዋል። ያንን ዝርዝር በአንድ ገጽ ጽፎ መስኮቱ ላይ መለጠፍ፣ በተቋሙ የቴሌግራም ቻናልም መልቀቅ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ፈራሚ ሲወጣ ወኪል ይመደብ። “ሲስተም የለም” ደግሞ ብቻውን መልስ አይሆንም። የባለጉዳዩን ስልክ ተቀብሎ ሲስተሙ ሲመለስ መደወል ይቻላል። ይህን የሚያደርጉ ሠራተኞች አሉ፤ ተመራቂ ስማቸውን እያነሳ ሲመርቃቸው ይኖራል።

ግሬድ ማዘግየት

ይሄ እንደ ቀላል ነገር ነው የሚታየው። መምህሩ ፈተናውን ፈትኖ ወደ ቤተሰቡ ይሄዳል ወይም ሌላ ኮሌጅ ትርፍ ሰዓት ያስተምራል፤ ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። ተማሪው ጋ ግን ብዙ ነገር ይቆማል። ቀጣዩን ኮርስ ለመመዝገብ የቀድሞውን ማለፉ መታወቅ አለበት። ከመውጫ ፈተና በፊት ደግሞ ኮርሶቹ ማለቃቸው መረጋገጥ አለበት። መውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ለሚማሩ ሁሉ የመጣ ነው፤ በአንድ መምህር መዘግየት አንድ ዙር ያመለጠው ልጅ ቀጣዩን ዙር ቤተሰብ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። እናት “መቼ ነው የምትመረቀው?” ስትለው የሚመልሰው የለውም።

በመዘግየቱ ላይ የሚጨመር ሌላ ክፋት አለ። ውጤቱ ሲወጣ የቅሬታ ጊዜው አልፏል ይባላል። ዘግይቶ ያስገባው መምህሩ ሆኖ ሳለ ቀኑ የሚቆጠረው በተማሪው ላይ ነው። የዲፓርትመንት ሄድ (የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ) ማድረግ የሚገባው ግልጽ ነው፦ የማስገቢያው ቀን ሲያልፍ መምህሩን በጽሑፍ መጠየቅ፣ የቅሬታውን ቀን ደግሞ ውጤቱ ለተማሪው ከታወቀበት ዕለት መቁጠር።

እርግጥ ነው፣ የመምህራን ደመወዝ ከኑሮው ጋር አልተመጣጠነም። የቤት ኪራይ ምን ያህል እንደናረ ሁሉም ያውቃል። ይህ ጥያቄ ለመንግሥት በድፍረት መቅረብ ያለበት እውነተኛ ጥያቄ ነው። ዕዳውን ግን ተማሪ መክፈል የለበትም።

በቃል መወሰን

“ተሰናብተሃል”፣ “ዶርም ተከልክለሻል”፣ “ዊዝድሮው (ትምህርት ማቋረጫ ቅጽ) ሙላ ብለዋል።” ማን አለ? በየትኛው አንቀጽ? ወረቀቱስ የት አለ? ብዙ ጊዜ ወረቀት የለም። ወረቀት ከሌለ ደግሞ ይግባኝ የለም፤ ምክንያቱም ይግባኝ የሚባልበት ነገር የለም። የፌደራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ከመጣ በኋላ አስተዳደራዊ ውሳኔ በጽሑፍና ከነምክንያቱ መሰጠት እንዳለበት በሕግ ተቀምጧል። የዲሲፕሊን ኮሚቴ ተማሪውን ሳይሰማ መወሰን የለበትም። ውሳኔውን ደግሞ ፈርሞ፣ ማኅተም አድርጎ፣ ኮፒውን ለተማሪው ይስጥ። ተማሪዎችም በቃል ለተነገራችሁ ውሳኔ “በጽሑፍ ይሰጠኝ” ብላችሁ ማመልከቻ አስገቡ፣ ኮፒው ላይም የገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፉ።

ሰው ፊት ማዋረድ

ሦስት መቶ ሰው በተቀመጠበት አዳራሽ “አንተ ደነዝ፣ ማን ነው እዚህ የላከህ?” የሚል መምህር አሁንም አለ። በአማርኛ አፉን ያልፈታ ልጅ ሲናገር የሚስቅ የቢሮ ሠራተኛም አለ። ያ ልጅ ከዚያ በኋላ ክፍል ውስጥ እጁን አያወጣም፣ ቢሮም ብቻውን አይሄድም። ስህተትን ማረም የመምህር ሥራ ነው፤ መሳደብ ግን የማንም ሥራ አይደለም። ውጤትን ከነስሙ ሰሌዳ ላይ መለጠፍም ከዚሁ ይቆጠራል። መምህራን ጸሐፊዎችንና የጽዳት ሠራተኞችን ማመናጨቃቸውም እንዲሁ፤ ተማሪው ያንን እያየ ነው የሚማረው።

በግሬድ ሴት ተማሪን ማስፈራራት

ስለዚህ ጉዳይ ሁሉም ሰው በሹክሹክታ ያወራል፣ በስብሰባ ላይ ግን ዝም ይላል። አካሄዱ የታወቀ ነው። በሚድ (በሴሚስተሩ አጋማሽ ፈተና) ዝቅተኛ ነጥብ ይሰጣታል። ከዚያ “ቢሮ ነይና እንነጋገር” ይባላል፤ ቀጠሮው ከአስራ አንድ ሰዓት በኋላ ነው። ቀጥሎ ስልክ፣ ቀጥሎ “ቡና እንጠጣ”፣ እምቢ ስትል ኤፍ። ይህ የባህርይ ድክመት ተብሎ በሽማግሌ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ሥልጣንን ተጠቅሞ የሚፈጸም ጥቃት ነው።

ባልደረቦች የሚሠሩት ትልቁ ስህተት “ቤተሰብ አለው፣ እንጀራውን አንዝጋበት” ማለት ነው። የእሷስ እንጀራ? መደረግ ያለበት ጥቂት ነው፣ ግን ጥብቅ ነው። ተማሪ በሥራ ሰዓት፣ በሩ ክፍት ሆኖ ይስተናገድ። ቅሬታ ያቀረበችበት ኮርስ ፈተና በሌላ መምህር ይታረም። የሥርዓተ ጾታ ቢሮው ጉዳዩን ይዞ መርምሮ ውጤቱን ያሳውቅ፤ ምክር ብቻ ሰጥቶ አይሸኛት። ልጅቷ የተላኩላትን መልእክቶች ስክሪንሾት አድርጋ፣ ለምታምነው ሰውም ልካ ታስቀምጥ። ስልክ ይጠፋል፣ ይቀማልም።

“የየት አገር ልጅ ነህ?” ብሎ ማስተናገድ

ለጨዋታ ከሆነ ደግ ነው። ዶርም ለመደልደል፣ ፋይል ለማፍጠን ወይም ግሬድ ለመጨመር ከሆነ ግን ግቢውን ማቃጠል ነው። በየግቢው የተነሱ ግጭቶች ስንት ልጅ እንዳስቀሩ አይተናል። ባለጉዳይን በሰልፉ ተራ ብቻ ማስተናገድ በቂ ነው።

የተመራቂን ጥናት መሳቢያ ውስጥ ማሳደር

አማካሪው ቻፕተር ሁለትን ተቀብሎ ወራት ያስቀምጠውና፣ ተማሪው ጥናቱን ቀርቦ የሚከላከልበት ቀን (ዲፌንስ) ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው “ርዕሱ ይቀየር” ይላል። ተማሪን የግል ጉዳይ መላክ፣ በተማሪ ሥራ ላይ ስምን ቀድሞ ማስገባትም አለ። አስተያየት መመለሻ ቀን ሲጀመር ተስማምቶ መጻፍ ይህን ሁሉ ባያጠፋም ይቀንሰዋል።

ቅሬታውን ለተከሰሰው ሰው መልሶ መላክ

ተማሪዋ በመምህሩ ላይ ለዲን ታመለክታለች። ዲኑ “ለዲፓርትመንቱ ይመራ” ብሎ ይጽፍበታል። ዲፓርትመንት ሄዱ የመምህሩ የቅርብ ጓደኛ ነው፣ አንዳንዴም ራሱ መምህሩ ነው። በማግስቱ ክፍል ውስጥ “ከሳሼ መጥታለች” ትባላለች። ከዚያ በኋላ በዚያ ግቢ ማንም ማመልከቻ አይጽፍም፤ አመራሩም “ቅሬታ የለም” ብሎ ሪፖርት ያደርጋል።

ቅሬታ ሰሚው ከተከሰሰው ሰው ክፍል ውጭ መሆን አለበት። የአመልካቿ ስም አስፈላጊ ካልሆነ አይገለጥ። መልስ የሚሰጥበት ቀን ማመልከቻው ሲገባ ይነገራት። በግቢው ውስጥ መፍትሔ ያጣ ሰው ወደ ኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም መሄድ እንደሚችልም እዚያው የቅሬታ ቢሮው በር ላይ ይለጠፍ፤ ተቋሙ በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመው የአስተዳደር በደልን እንዲመረምር ነው።